የአባዬ መኪና ፍሬን

ከዚህ በፊት አንዳች ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ እጄ ብዕር የያዘው ለመፈረምና የአስቤዛ ዝርዝር ለመጻፍ ብቻ ነው። ሰው በተሰበሰበበት መናገርም አይሆንልኝም። በዕድር ስብሰባ ስሜ ሲጠራ እንኳ "አለሁ" የምለው አጠገቤ ያሉት ብቻ እንዲሰሙኝ አድርጌ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው አካሄዴ ቢወለጋገድበት ይታገሰኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጮህኩ። የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከገበያ ስመለስ ከሕንጻችን ሥር፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ፣ ሐና የምትባለው የጎረቤቴ ልጅ የአሮጌ መኪና ኮፈን ከፍታ ቆማለች። መኪናው የአባቷ ነበር። አባቷ ካረፉ ሁለት ወር አልሞላቸውም። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የሞተር ዘይት ጀሪካን ይዛለች። ሰላም ብያት ላልፍ ስል፣ በጥጉ ያለችውን የትንሽ ዕቃ ክዳን ፈትታ ዘይቱን ልትገለብጥባት ስታጎነብስ አየሁ። "ተይ! ተይ ሐና!" ብዬ ጮህኩ። ቲማቲሙ ከፌስታሌ ተበተነ። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ሁሉ ወደ ታች አዩኝ።

"ምን ሆኑ እትዬ የሺ? አስደነገጡኝ እኮ!"

"እሱ የፍሬን ነው።"

"ታዲያ ጎድሏል። ዘይት ጎድሏል ብዬ ልሞላው ነው።"

"ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም ልጄ" አልኳት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ቲማቲሜን ለቅማ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ምን እንዳገኘኝ ጠየቀችኝ። ከወጣትነቴ ወዲህ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ለእሷ ነገርኳት። ስጨርስ "ይጻፉት እንጂ!" ብላ አዲስ ደብተር ከቤቷ አምጥታ ሰጠችኝ። እነሆ፣ ደብተሩ ከፊቴ ነው።

ያን ጊዜ እኔም የሐና እኩያ ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ቤታችን ገርጂ ነበር፤ የዛሬው ገርጂ ግን አይምሰላችሁ። ከመገናኛ የሚመጣው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳና ባሕር ዛፍ፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ሰሐኖቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጫሉ፤ እማዬም ንግግሯን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ቀለበት መንገድ የሚባል ነገር የለም። አሁን ተቀምጬ የምጽፍበት ሰሚት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። ሃያ ሁለት ማዞሪያ መሄድ ለእኛ ከተማ እንደ መሄድ ነው። ከካሴት ቤቶቹ የሚወጣው ዘፈን መንገድ ላይ ይደባለቅና የትኛው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሴቶቹ ትከሻው የተነፋ ሰልባጅ ኮት ይለብሳሉ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው ታክሲ ይሳፈራል። እኔ ባለ አበባ ጉርድ ቀሚስ፣ እማዬ የሠራችልኝ ሹራብና ኮንጎ ጫማ ነበረኝ። በዚያ ልብስ ሃያ ሁለት ስደርስ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝና አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ዛሬ ሳስበው ማንም አላየኝም።

አባዬ በቀለ ይባላል። የታክሲ ሹፌር ነበር። መኪናችን ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሰው ሁሉ ሴይቼንቶ የሚላት ትንሽ የጣልያን ሥራ ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባዬ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። የእጅ ፍሬኗ አይዝም፤ ሞተሪኖዋም በቁልፍ አያስነሳም። ግቢያችን ግን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ አባዬ ሁልጊዜ አዙሮ ከላይ ያቆማትና ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስደግፋል። ጠዋት ገብቶ ይቀመጥና እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ከውጭ መታ መታ እያደረገ፣ "የሺ፣ ድንጋዩን አንሺ!" ይለኛል። ሳነሳው መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ትንሸራተታለች። በሩ ጋ ስትደርስ አባዬ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ነቅነቅ ትልና ትነሳለች። እኔም ድንጋዩን ታቅፌ ሮጬ በመስኮት አቀብለዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በቆመበት ሁሉ ያስፈልገዋልና። ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱ ጎኑ በጎማ ብዛት ለስልሶ እንደ ወፍጮ መጅ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ የምትጠገንበት ጊዜ ነበር። ወንድም ስላልነበረኝ ካቻቢቴና ፒንሳ የማቀብለው እኔ ነኝ። አባዬ ሳይናገር እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ እኔ ሳልጠይቅ የሚፈልገውን አስቀምጥለታለሁ። እንደዚያ ሆነን ግማሽ ቀን አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እንውላለን፤ ለእኔ ከዚያ የተሻለ ጨዋታ አልነበረም። የኮተቤን ዳገት ስትወጣ ትግል ስለነበር የኋላውን ኮፈን በእንጨት ደግፎ ነፋስ እንዲገባ ከፍቶ ይነዳ ነበር። ራዲያተሯ ያፈሰሰ እንደሆነ የእንቁላል ነጩን ይጨምርበታል፤ ሙቀቱ ሲያረጋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የቤንዚን ታንከሯ ሲያዥ እርጥብ ሳሙና ይለጥፍበታል። ያ የቤንዚንና የልብስ ሳሙና ሽታ ልብሱ ላይ ነበር፤ ከልብሱ አልፎ አልጋው ላይ ነበር።

የፍሬኑ ነገር ግን ለብቻው ነው። ዕቃ ሁሉ በጠፋበት በዚያ በፊተኛው ዘመን የፍሬን ዘይትም ከገበያ ጠፍቶ ነበር አሉ። አባዬ ከአንድ ሽማግሌ ሹፌር በተማረው መላ የጉሎ ዘይትና ዳግም አረቄ ደባልቆ ይጠቀም ጀመር። ዘይቱ መገናኛ ሱቆች ውስጥ ተመልሶ ከመጣም በኋላ "እሷ ይሄን ለምዳለች" ብሎ አልተወውም። እማዬ ደግሞ የአረቄ ጠላት ናት። አባቷን የወሰደባት መጠጥ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ሽታው እንዲገባ አትፈልግም። ስለዚህ አባዬ ጠርሙሱን ከመኪናዋ ወንበር ሥር ይደብቃል። የሚደባልቀውም ከቤቱ ጀርባ፣ ለእኔም ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ከቅዳሜው ሥራ ሁሉ ያላሳየኝ ያን ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹ ጠርሙሱን ያውቃሉ። "በቀለ፣ ዛሬ ማን ነው የጠጣው? አንተ ነህ እሷ?" ይሉታል። "እሷ ትጠጣለች፣ እኔ እነዳለሁ" ይላል። እኔ እስቃለሁ፤ እማዬ ግን አትስቅም።

አባዬ የሞተው በአንድ ሳምንት ሕመም ነው። ስለዚያ ሳምንት አልጽፍም።

መኪናዋ ከላይ እንደ ቆመች፣ ድንጋዩን እንደ ተደገፈች ሦስት ወር ቆየች። እኔ ግን ቅዳሜን አልተውኩም። አቧራዋን እጠርጋለሁ፤ የራዲያተሩን ውኃ አያለሁ፤ የሞተሩን ዘይት እለካለሁ። አንድ ቅዳሜ ከፊት ያለችውን የፍሬኑን ትንሽ ዕቃ ክዳን ፈትቼ ሳይ ውስጡ ያለው ወደ ታች ወርዷል። አባዬ "የጎደለ ነገር ካየሽ ሙይ፣ ባዶ አታስቀሪ" ይለኝ ነበር። የሞተር ዘይቱ ቆርቆሮ በእጄ ነው። ዘይት ያው ዘይት መሰለኝ። እስከ አፉ ሞላሁት። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርጌ ክዳኑን አጠበቅሁ። ዛሬም ትዝ የሚለኝ ደስታዬ ነው። ብቻዬን፣ ሳልጠየቅ፣ አባዬ የሚሠራውን ሠራሁ ብዬ ተደስቼ ነበር።

ያኔ መኪና መንዳት አልችልም። መንጃ ፈቃድ ያለው ጋሼ ታደሰ ነው። የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቤታችን ያደገ፣ ሳቂታ፣ አፉ የማይያዝ ሰው። ሦስት ወሩ እንዳለፈ እሑድ እሑድ እየመጣ ያወጣት ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሑዶች ፍሬኑ እንደ ወትሮው ነበር። በሦስተኛው እሑድ እማዬን ኮተቤ ዘመድ ልናስጠይቃት ሄድን። ስንመለስ እማዬ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ድንጋዩን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ወደ መገናኛ የሚወርደውን ቁልቁለት እንደ ጀመርን ጋሼ ታደሰ ጨዋታውን አቆመ። እግሩን አየሁት። ይረግጣል፣ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ምንም ሳይከብደው ወለሉ ጋ ይደርሳል።

"እምቢ አለኝ!" አለ። "እምቢ አለኝ እትዬ! ያዙ! ያዙ!"

ማርሹን ሲቀንስ መኪናዋ አጓራች። ከፊታችን ሰው የጫነ አውቶብስ ነበር። ጋሼ ታደሰ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ቤት ከሚሠሩ ሰዎች አሸዋ ክምር ውስጥ ዘፈቃት። ሁላችንም በሕይወት ነበርን። እማዬ ራሷን ለመከላከል የዘረጋችው ቀኝ እጇ ግን ከአንጓው ተሰበረ። አላለቀሰችም። አሸዋውን ከነጠላዋ እያራገፈች ድንጋዩን እንደታቀፍኩ አየችኝና "አንቺ ደህና ነሽ?" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሰው ለጥየቃ ሲመጣ ጋሼ ታደሰ ነገሩን እየተነሳ እየተቀመጠ ያወራው ነበር። "ፍሬን አረቄ የሚያጠጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንድሜን ነፍሱን ይማረውና፣ ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለራሱ! ሊጨርሰን ነበር እኮ!" ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደንግጦ ስለነበር በሳቅ ማለፍ ፈልጎ ነው። እማዬ ግን እጇ በሻሽ እንደ ታሰረ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። እንግዶቹ ሲሄዱ የአባዬን ፎቶ በአንድ እጇ ከግድግዳው አውርዳ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። "አልጠጣም እያለ ሃያ ዓመት ዋሸኝ" አለች።  በግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ቀረ።

ጋሼ ታደሰ መኪናዋን ፈታትቶ ዕቃዋን የሚሸጥ ነጋዴ አገኘ። ቦሎዋም ሊያልፍባት ነው፤ እንደዚያ ሆና ዓመታዊውን ምርመራ አታልፍም። እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጋሽ ሰይድ ይዩአትና የሚሉትን ይበሉ" አለች። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። መገናኛ አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረቻቸው፤ ከአባዬ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ እዚያ ስትደርስ የእማዬን መልእክት ላደርስ አብሬ ሄድኩ። ጎማውን አውልቀው የፍሬኑን ከበሮ ከፈቱና ከውስጡ ጎሚኒ የሚሏትን ትንሽ ጎማ አወጡ። ዘይቱን እንዳያልፍ ይዛ ፍሬኑን የምታሠራው እሷ ናት። እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አብጣ፣ ከንፈሯ ተቀድዷል። የነካትን ዘይት በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

"ይሄ ጉሎ አይደለም" አሉ። "ጉሎ ጎማ አያሳብጥም። ይሄ የሞተር ዘይት ነው። በቀለ ይሄን አይሠራም።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ከእሱ በኋላ ማን ነካው?"

ጫማዬን እያየሁ "እንጃ" አልኩ።

 እውነቱን ብናገር የእማዬን እጅ የሰበርኩት እኔ መሆኔ ነው። ዝም ብል ደግሞ አባዬ ከሣጥን አይወጣም። ጋሽ ሰይድ ደግመው አልጠየቁኝም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና "እንግዲያው እኔ አሳይሻለሁ፤ አንቺ ትሠሪዋለሽ" አሉኝ። ለጋሼ ታደሰም ነጋዴውን ሁለት ሳምንት እንዲያስታግሥ ላኩበት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከገርጂ በእግሬ እየሄድኩ እዚያው ዋልኩ። ሠራተኞቹ ወንዶች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንዱ "ጋሽ ሰይድ፣ ሙሽራዋ መጣች! ቱታ ይለካላት!" አለ። ሌላው "ሻሿን ግራሶ እንዳይነካባት ጃንጥላ ያዙላት" ብሎ አሳቃቸው። ልመለስ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ምንም እንዳልሰሙ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ልክ እንደ አባዬ። ተመለስኩና አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ አስቀመጥኩላቸው። ሳያዩት ፈቱበት።

ያን ጊዜ የተማርኩትን እስካሁን በእጄ አውቀዋለሁ። የራዲያተሩን ዝገት በሙቅ ውኃ አጥበን የቀዳዳውን ነገር በብየዳ ጨረስነው፤ የእንቁላሉ ዘመን አበቃ። ሳሙናው ከታንከሩ ተላቆ ቦታው ተበየደ። ሞተሪኖው ተፈትቶ ከውስጡ ከሰል የሚሉት ያለቀ ቁራጭ ተለወጠ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ሲለወጥ አሮጌው በአባዬ ቋጠሮ በሦስት ቦታ ተቀጥሎ አገኘሁት። ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር። የተበላሸውን ባስተካከልን ቁጥር አባዬ በእጁ ያበጀው አንድ ነገር ይነሳል። ያን ሽቦ እንዳይጥሉት ለመጠየቅ አፍሬ፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ከቆሻሻው መካከል አንስቼ በኪሴ ከተትኩት።

የፍሬኑ ተራ ሲደርስ የሞተር ዘይቱ ከቱቦዎቹ ውስጥ ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት፤ የሚያጥበው ደግሞ አልኮል ነው። ወንበሩን ስናወጣ የአባዬ ጠርሙስ ከሥሩ ተገኘ። ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አፉ በቡሽ ተወትፎ። ጠርሙሱ ላይ በሚስማር ሁለት ጭረት ተጭሯል፤ አንዱ የጉሎው ልክ፣ አንዱ የአረቄው ልክ። ጉሎው ገና አልተጨመረበትም። አረቄው ከጭረቱ አንዲት ጣት አልጎደለም። ጋሽ ሰይድ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና ቶሎ ብለው ሰጡኝ።

"ሰካራም ሰው እስከ ጭረቱ አይተውም" አሉ። ቀጥለውም አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው "አንቺው እጠቢው፤ እኔ አልነካውም። በቀለ ሞቶም በአረቄ ይፈትነኛል!" አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ከአባዬ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ።

በአረቄው አጠብኩት፤ በንጹሕ አልኮል ደገምኩት፤ አዳዲስ ጎሚኒዎች በእጄ አስገባሁ፤ ከሱቅ የተገዛ የፍሬን ዘይት ሞላሁ። ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ስናስወጣ እሳቸው ከመኪናዋ ሥር፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ነን። "ርገጪ!" ይላሉ፤ እረግጣለሁ። "ያዢ!" እይዛለሁ። "ልቀቂ!" መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነው። እየቆየ ከእግሬ ሥር እየጠነከረ መጣ። ቅዳሜ ወደ ማታ እንደ ድንጋይ ጸና። ጋሽ ሰይድ ወጥተው ቆሙና የጋራዣቸውን ልማድ ነገሩኝ።

"እኔ ጋ ፍሬን የሠራ ሰው፣ መጀመሪያ የራሱን ሰው አሳፍሮ ነው ቁልቁለት የሚወርደው። እኔ የሠራሁት እንደሆነ ልጄን ዘምዘምን አሳፍራለሁ። ለራሴ ሰው ያላመንኩትን ለሰው አልሰጥም። ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ። መንጃ ፈቃድ ስለሌለሽ እኔ እነዳለሁ፤ ከጎኔ የሚቀመጠው ግን የአንቺ ሰው ነው።"

"ከእማዬ በቀር ሰው የለኝም" አልኩ። "እሷ ደግሞ አትገባም። ከእንግዲህ በአባዬ መኪና አልሳፈርም ብላለች።"

"እንግዲያው የምትሳፈርበትን ምክንያት ንገሪያት" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ ገባኝ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ መኪናዋን እየነዱ ግቢያችን ገቡ። አዙረው ከላይ፣ አባዬ ከሚያቆምበት ቦታ አቆሟት። እኔም እግሬ ራሱ ወሰደኝና ድንጋዩን አምጥቼ ከጎማው ሥር አስደገፍኩ።

"የእጅ ፍሬኑ ይይዛል እኮ" አሉኝ በመስኮት። "የራስሽን ሥራ አታምኚውም እንዴ?"

ድንጋዩን ግን አላነሳሁትም። ጋሼ ታደሰ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ነጋዴው በማግስቱ ይመጣል። እማዬ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"እትዬ፣ እንዳትሞኚ" አለ ጋሼ ታደሰ። "ዛሬ ቢይዝ ነገ ይለቃል። በቀለ ያስለመዳት መኪና ሳትጠጣ የምትውል ይመስልሻል?"

እማዬ ዓይኗን ወደ መኪናዋ መለሰች። ጋሽ ሰይድ ግን እኔን ያዩኛል። አንድ አውሮፕላን በላያችን አልፎ እስኪርቅ ሁላችንም ጠበቅን። ደግሞ ሌላ በመጣ ብዬ ተመኘሁ። አልመጣም።

"አባዬ አይደለም" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ ጋሼ ታደሰ። ድምፄ አልወጣም ነበር።

"አባዬ አይደለም! እኔ ነኝ። የሞተር ዘይት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ጎድሎ አየሁት፤ ዘይት ሁሉ አንድ መስሎኝ ሞላሁት። የአባዬ ድብልቅ ምንም አላደረገም። እጅሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ እማዬ።" ከዚያ ጠርሙሱን ከመኪናዋ አውጥቼ በፊቷ ያዝኩት። ባዶ ነው፤ ጭረቶቹ ግን አሉ። "አረቄው እስከዚህ ድረስ ነበር። አልጠጣም። ጋሽ ሰይድ አይተዋል።"

"አላህ ምስክሬ ነው፣ እስከ ጭረቱ ነበር" አሉ ጋሽ ሰይድ።

 ጋሼ ታደሰ "ሟቹን ነበር እንዴ ሳማው የከረምኩት?" ብሎ ለራሱ ተናገረ፤ ግንባሩን በመዳፉ እያሸ ሄዶ በረንዳው ጥግ ተቀመጠ። እማዬ ጠርሙሱን በግራ እጇ ተቀብላ ጭረቶቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። አልተቆጣችኝም፤ አላቀፈችኝም። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳጥረው። ፍሬኑ ያዘ። ጋሽ ሰይድ የኮተቤን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ አወረዷት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ መሐል ላይ አቁመው ዞር እያሉ ያዩን ነበር። መኪናዋ ምርመራውን አልፋ ቦሎዋን ለጠፈች። ጋሼ ታደሰ ራሱ ታክሲ እየሠራባት ብዙ ዓመት ቤታችንን ያዘች፤ ስለ ወንድሙም ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲያወራ አልሰማሁትም። እኔም መንዳት ተማርኩ፤ ሰው ፊት መናገር ግን ዛሬም ያቅተኛል። ጋሽ ሰይድ ሲደክሙ ወደ አገራቸው ገቡ። እማዬም አሁን የለችም። የገርጂው ግቢ ፎቅ ሆኗል፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ ያዘቀዝቅ የነበረው መሬት ተደልድሎ አገኘሁት። ሽቦው ከአባዬ ሦስት ቋጠሮ ጋር አሁንም አለኝ።

ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣብኝ ግን ቁልቁለቱ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ያለችው ትንሽ ደቂቃ ናት። እማዬ ወደ ውስጥ ስትገባ ይቅር ያለችኝ ይሁን የተወችኝ አላወቅሁም። ከውጭ ቆሜ የሣጥኑ ክዳን ሲነሳ ሰማሁ፤ ከዚያ ወንበር ሲጎተት። ስትወጣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳለች። በተከፈተው በር አሻግሬ ሳይ ያ የነጣው የግድግዳ ቦታ ተሸፍኗል። በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ጋሽ ሰይድ ከውስጥ ሆነው በሩን ከፈቱላት። ቀስ ብላ ገባችና የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አመቻችታ ተቀመጠች። ግራ እጇን አሻግራ በመስኮት አወጣችና የመኪናዋን በር ከውጭ መታ መታ አደረገች።

"የሺ፣ ድንጋዩን አንሺ" አለችኝ።